በአይጦች የሰባ ጉበትና የጉበት ካንሰር ጥናቶች ላይ የጂኖች አገላለጽ ለምን እርስ በርሱ ይጋጫል?

ጠያቂ፦ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ የሰባ ጉበት ወደ ጉበት ካንሰር የሚያመራበትን መንገድ በአይጦች ላይ በተደረጉ የጂን አገላለጽ (እያንዳንዱ ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለኩ) ጥናቶች አማካኝነት የሚመረምር ነው። በምማርበት ቦታ የአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ መሣሪያ ስለሌለ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሠርተው ጂኦ በተባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ የዳታ ቋት ውስጥ ያስቀመጡትን አውርጄ እንደገና እየተነተንኩ ነው። የመረጥኳቸው የዳታ ስብስቦች ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው አይጦቹ ሜታዮኒንና ኮሊን የተባሉት ንጥረ ነገሮች የሌሉበት መኖ ለሳምንታት በልተዋል። በሁለተኛው ስብ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል የበዛበትን፣ በተለምዶ የምዕራባውያን መኖ የሚባለውን ለወራት በልተዋል። በሦስተኛው ደግሞ ጡት ሳይጥሉ ዲኢኤን የተባለውን ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተወግተው፣ ካደጉ በኋላ ከጉበታቸው ዕጢ ተወስዷል።

ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች የታተሙት የማይክሮስኮፕ ምስሎች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የጉበት ሴሎች በስብ ጠብታ ተወጥረዋል፣ በመካከላቸውም የብግነት ሴሎች ይታያሉ። ይሁን እንጂ ስብ በመሥራት ሂደት ውስጥ ቁልፍ ቦታ ያለው ኤስሲዲ1 የተባለው ጂን በመጀመሪያው ስብስብ እጅግ ከቀነሱት ጂኖች መካከል ሲሆን፣ በሁለተኛው እጅግ ከጨመሩት መካከል ነው። በሦስቱም ስብስቦች በአንድ አቅጣጫ የተለወጡት ጂኖች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከብግነትና ከጠባሳ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አማካሪዬ የሦስቱን የጋራ ጂኖች ብቻ ወስጄ ሌሎቹን እንድተው፣ የጋራዎቹንም ከሰባ ጉበት ወደ ካንሰር የሚወስደው መንገድ ብዬ እንዳቀርብ ሐሳብ ሰጥተውኛል። በሦስት ቦታ የታየ ውጤት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደማይችል ስለሚያስረዱ ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እርስ በርስ የሚጋጩትን ጂኖች ምክንያታቸውን ሳልረዳ መጣል ከብዶኛል። ይህ ግጭት ከምን ይመነጫል? የጋራ ጂኖችን ብቻ መያዝስ ተገቢ ነው? በዚህ ዘርፍ የሠራችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ፦ የጉበት ሜታቦሊዝም ተመራማሪ

ጥያቄዎን በሚገባ አብራርተው ስላቀረቡት አመሰግናለሁ። በኤስሲዲ1 ላይ ያዩት ግጭት የትንተና ስሕተት አይመስለኝም። እንዲያውም ካወረዱት ዳታ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ስለዚህ እባክዎ አይጣሉት።

ጉበት ስብ የሚያጠራቅመው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ስቡ ከሰውነት የስብ ክምችት ተነሥቶ በደም ሊመጣ፣ ከሚበላው መኖ ሊመጣ፣ ወይም ጉበቱ ራሱ ከስኳር ሊሠራው ይችላል። ከዚያም ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ቪኤልዲኤል በተባሉ ተሸካሚ ቅንጣቶች ተጭኖ ወደ ደም ይወጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲዛባ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያው የስብ ጠብታ ነው፤ የትኛው እንደተዛባ ለይቶ የሚነግረን ግን የጂኖቹ አገላለጽ ነው።

ሜታዮኒንና ኮሊን በሌለበት መኖ ላይ የሚሆነውን እንመልከት። የቪኤልዲኤል ቅንጣት ተሠርቶ ከጉበት ለመውጣት ፎስፋቲዲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በሽፋኑ ላይ ያስፈልገዋል። ጉበት ይህን ንጥረ ነገር የሚሠራው በቀጥታ ከኮሊን ነው፤ ኮሊን ባይኖር ደግሞ ሜታዮኒን በሚያቀርበው የሜታይል ክፍል ተጠቅሞ በሌላ መንገድ ይሠራዋል። መኖው ሁለቱንም ስለሚነፍገው ስቡ መውጫ አጥቶ በጉበት ውስጥ ይከማቻል። በዚያው ጊዜ አይጧ ክብደቷ በብዙ ይቀንሳል፣ የሰውነቷ ስብ ይሟጠጣል፣ የኃይል አጠቃቀሟ ይጨምራል፣ ኢንሱሊንም በሚገባ ይሠራላታል። ኤስሲዲ1 በዚህ መኖ በኃይል እንደሚታፈን በ2006 ታትሞ የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ መኖው በስኳር የተሞላና በተፈጥሮው ስብ መሥራትን ያነሣሣል ተብሎ የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዳታዎ የሚያሳየው ስብ መሥራቱን የቀነሰ ነገር ግን ስቡን ማስወጣት ያልቻለ ጉበትን ነው።

በምዕራባውያን መኖ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። አይጧ ትወፍራለች፣ የኢንሱሊኗ መጠን ከፍ ይላል። ኢንሱሊንም ሆነ ከኮሌስትሮሉ የሚመነጩት ኦክሲስቴሮሎች ኤስአርኢቢፒ-1ሲ የተባለውን የስብ ሥራ አዛዥ ፕሮቲን ያነሣሣሉ፤ እሱም ኤስሲዲ1ንና ሌላውን ስብ ሠሪ ጂን ኤፍኤኤስኤንን ከፍ ያደርጋል። ይህ በሰው ላይ ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ የሰባ ጉበት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ውፍረትና የኢንሱሊን መላመድ (ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ ምላሽ አለመስጠት) ያለባቸው ናቸውና። እንግዲህ ሁለቱን መኖዎች አንድ በሽታ ናቸው ብሎ የጋራቸውን ብቻ መውሰድ፣ በተለያየ ምክንያት የሰቡ ሁለት ጉበቶችን አቀላቅሎ ምክንያቱን ማጥፋት ነው። የሚቀረውም ማንኛውም የተጎዳ ጉበት የሚያሳየው ብግነትና ጠባሳ ብቻ ይሆናል። እርስዎም ያገኙት ይህንኑ ነው።

መኖው ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ስለዚህ ወደ ጽሑፎቹ የዘዴ ክፍል ተመልሰው ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ። አንደኛው ናሙና ከመወሰዱ በፊት አይጦቹ መኖ ተከልክለው እንደነበርና ለስንት ሰዓት እንደነበር ነው። አይጥ ትንሽ እንስሳ ስለሆነች አንድ ሌሊት ያለ መኖ ማደር ለእርሷ ከባድ ረሃብ ነው፤ ኤስሲዲ1ና ኤፍኤኤስኤን ይወርዳሉ፣ በረሃብ ጊዜ የሚነሡት ፒዲኬ4፣ ሲፒቲ1ኤና ኤፍጂኤፍ21 የተባሉት ጂኖች ይወጣሉ። ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ መኖው ራሱ ከሚያመጣው ይበልጣል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። አይጦች በአብዛኛው የሚበሉት በሌሊት ስለሆነ፣ በጉበት ውስጥ ያሉት የሰውነት ሰዓት ጂኖችና በእነርሱ የሚታዘዙት የስብ ጂኖች በጠዋትና በማታ እጅግ ይለያያሉ። ስብ የበዛበት መኖ ይህንኑ የጉበት ሰዓት እንደሚለውጠው ደግሞ በ2013 የታተመ ሥራ አሳይቷል። የማነጻጸሪያው ቡድን ጠዋት፣ የታመመው ቡድን ከሰዓት በኋላ ናሙና ተወስዶለት ከሆነ፣ የሚያዩት ልዩነት ከፊሉ የፀሐይ ልዩነት ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎች የሚያልፉት የማነጻጸሪያው መኖ ነው። በርካታ ጥናቶች የታመሙትን አይጦች በፋብሪካ ከተጣሩ ንጥረ ነገሮች በተቀመመ መኖ፣ ጤነኞቹን ደግሞ ከእህልና ከአኩሪ አተር በተሠራው የተለመደ የቤተ ሙከራ መኖ ያሳድጋሉ። የተለመደው መኖ ብዙ አሰርና የዕፅዋት ኬሚካሎች ስላሉበት፣ ባዕድ ኬሚካሎችን የሚያስወግዱ የጉበት ጂኖች በሁለቱ መካከል በስብ ሳይሆን በመኖው ዓይነት ምክንያት ይለያያሉ። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ከስቡ መጠን በቀር በሌላው ሁሉ ተመሳሳይ የሆነ የተቀመመ መኖ ነው። ዳታው ይህን ካላሟላ፣ እኔ ብሆን በሌላ እተካው ነበር።

የቤቱን ሙቀት ልጨምር። አብዛኞቹ የእንስሳት ቤቶች ወደ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋሉ፤ ይህ ለእኛ ምቹ ሆኖ ለአይጥ ብርድ ነው። አይጦች ለእነርሱ በሚስማማው 30 ዲግሪ አካባቢ ሲያድጉ የሰባ ጉበታቸው እንደሚባባስ በ2017 ታትሟል።

መልስ፦ የፓቶሎጂ ሐኪም

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ከእኔ ሙያ አንጻር አንድ ነገር ላክል። እርስዎ የጋራ ሆነው ያገኟቸው የብግነትና የጠባሳ ጂኖች በእርግጥ አገላለጻቸው ጨምሯል ወይ የሚለው ራሱ መጠየቅ አለበት።

ከጉበት ይዘት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው የጉበት ዋና ሴሎች ናቸው፤ ቀሪው የጉበት መከላከያ ሴሎች የሆኑትን ኩፈር ሴሎችን፣ ጠባሳ የሚሠሩትን የኮከብ ቅርጽ ያላቸውን ሴሎች፣ የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችንና የሐሞት ቱቦ ሴሎችን ያጠቃልላል። ቁራሽ ጉበት ተፈጭቶ አርኤንኤው ሲለካ፣ የሁሉም ሴሎች አርኤንኤ አንድ ላይ ይደባለቃል። በብግነት ጊዜ ከደም የሚገቡ ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገርን የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) በብዙ እጥፍ ሲጨምሩ ሲዲ68 የተባለው ጂን ጨምሮ ይታያል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሴል ቀድሞ ከሚያመርተው ምንም ላይጨምር ይችላል። የጠባሳ ጂን የሆነው ኮል1ኤ1ም እንደዚሁ ነው። በአንጻሩ የጉበት ዋና ሴሎች ብቻ የሚያመርቷቸው ጂኖች፣ የሴሎቹ ድርሻ ስላነሰ ብቻ የቀነሱ ይመስላሉ። በነጠላ ሴል ደረጃ የተሠሩ ጥናቶች ይህን በግልጽ ለይተውታል፤ በታመመ የአይጥ ጉበት ውስጥ ትሬም2 የተባለውን ጂን የሚያመርቱ ማክሮፋጆች መበራከታቸው በ2019 ታይቷል፣ በዚያው ዓመትም ተመሳሳይ ሴሎች ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መሞላት) ባለበት የሰው ጉበት ውስጥ ተገኝተዋል። ከእንደዚህ ዓይነቱ የነጠላ ሴል ዳታ የሴሎቹን መለያ ጂኖች ወስደው በእርስዎ ናሙናዎች ውስጥ የየሴሉን ድርሻ መገመት ይችላሉ፤ ይህን ሳያደርጉ ስለብግነት ጂኖች መደምደሚያ ላይ እንዲደርሱ አልመክርም።

ሌላው ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ነው። ጉበት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ደም ከሚገባበት የፖርታል ሥር አካባቢ ያሉት ሴሎችና ደም በሚወጣበት ማዕከላዊ ሥር ዙሪያ ያሉት ሴሎች ሥራቸው የተለያየ ነው፤ በ2017 በአይጥ ላይ በተሠራ የነጠላ ሴል ጥናት የጉበት ዋና ሴሎች ከሚገልጿቸው ጂኖች ግማሽ ያህሉ በቦታ የሚለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። ዲኢኤንን ወደ መርዝነት የሚለውጠው ሲዋይፒ2ኢ1 የተባለው ኢንዛይም ያለው በማዕከላዊው ሥር ዙሪያ ነው። ዕጢ ሲወሰድም ዕጢው ራሱ፣ ከዕጢው አጠገብ ያለው ጉበትና ፍጹም ጤነኛ አይጥ ጉበት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዕጢው አጠገብ ያለውን ጤነኛ ብለው የሚያነጻጽሩ ጥናቶች ስላሉ፣ የሦስተኛው ስብስብዎ ማነጻጸሪያ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ወደፊት አይሂዱ።

ጠያቂ፦ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘዴ ክፍሎቹን መልሼ አንብቤ፣ የመጀመሪያው ጥናት አይጦቹን ሌሊቱን ሙሉ መኖ ከልክሎ እንደነበር፣ ሁለተኛው ግን ለአራት ሰዓት ብቻ እንደከለከለ ተረድቻለሁ። የሦስተኛው ማነጻጸሪያ ደግሞ ከዕጢው አጠገብ ያለ ጉበት ነው። ከዚህ በመነሣት ዲኢኤንን ትቼ በሌላ የካንሰር ዳታ ብተካው ይሻላል ወይ የሚለውን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ስታም የሚባሉትን አይጦች የተጠቀመ ዳታም አግኝቻለሁ። ለሰው በሽታ የሚቀርበው የትኛው ነው?

መልስ፦ የካንሰር ባዮሎጂ መምህር

በዚህ ርዕስ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ጥያቄዎ በቀጥታ ይመለከተኛል። ዲኢኤን መጥፎ ሞዴል አይደለም፤ ነገር ግን የሚመልሰው የእርስዎን ጥያቄ አይደለም። ሁለት ሳምንት የሞላቸው ወንድ አይጦች በአንድ መርፌ ብቻ ሲወጉት፣ ከወራት በኋላ ስብም ጠባሳም በሌለበት ጉበት ላይ ዕጢ ያወጣሉ። በሰው ላይ ግን የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው ለዓመታት ከተጎዳ፣ ብዙ ጊዜም ሲሮሲስ ካለበት ጉበት ነው። የሚውቴሽኑም ዓይነት ይለያል። በዲኢኤን ዕጢዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት የኤችራስና የቢራፍ ሚውቴሽኖች ሲሆኑ፣ እነዚህ በሰው የጉበት ካንሰር ውስጥ ብርቅ ናቸው። በሰው ላይ በብዛት የሚታዩት የቲኢአርቲ ጂን መቀስቀሻ፣ የቲፒ53 እና የሲቲኤንኤንቢ1 ሚውቴሽኖች ናቸው። አይጦች ቴሎሜሬዝን (ከቲኢአርቲ የሚሠራውን፣ ቴሎሜር የተባለውን የክሮሞሶም ጫፍ የሚያድስ ኢንዛይም) በብዙ የሰውነት ሴሎቻቸው ስለሚያመርቱና ቴሎሜራቸው ረጅም ስለሆነ፣ የቲኢአርቲ ጉዳይ ለእነርሱ እንደ ሰው አስፈላጊ አይደለም። ይህ ልዩነት የትኛውንም የአይጥ ሞዴል ቢመርጡ አይጠፋም።

ስታም የሚባሉት አይጦች በተወለዱ በሁለተኛው ቀን ስትሬፕቶዞቶሲን ተወግተው፣ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ስብ የበዛበት መኖ የሚመገቡ ናቸው። ከሰባ ጉበት ወደ ብግነት፣ ከዚያም በ20 ሳምንት አካባቢ ወደ ካንሰር ስለሚሄዱ ለተመራማሪ ምቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ስትሬፕቶዞቶሲን ኢንሱሊን አምራች ሴሎችን ስለሚገድል አይጦቹ ኢንሱሊን ያንሳቸዋል፤ የሰባ ጉበት ያለበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንሱሊኑ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ስትሬፕቶዞቶሲን ራሱ ዲኤንኤን የሚጎዳ ኬሚካል ስለሆነ፣ ካንሰሩ ከስቡ ይምጣ ከመርፌው ለመለየት ያዳግታል። በእኔ ግምት ለጥያቄዎ ይበልጥ የሚስማማው በ2018 የታተመው፣ የምዕራባውያን መኖን በየሳምንቱ ከሚሰጥ አነስተኛ የካርበን ቴትራክሎራይድ መጠን ጋር ያጣመረው ሞዴል ነው፤ በ12 ሳምንት ጠባሳ፣ በ24 ሳምንት ዕጢ ያሳያል፤ ደራሲዎቹም የጂን አገላለጹን ከሰው ናሙና ጋር አነጻጽረዋል። ካርበን ቴትራክሎራይድም ሰው በተለምዶ የማያገኘው መርዝ መሆኑን ግን በጽሑፍዎ ላይ በግልጽ ያስፍሩ።

የአይጥን ዕጢ ከሰው ጋር ማነጻጸር አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ2004 ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ የወጣው የነሊና የቶርጌርሰን ሥራ 68 የአይጥ የጉበት ካንሰሮችን ከሰባት ሞዴሎች ወስዶ ከ91 የሰው ካንሰሮች ጋር አነጻጽሯል። የማይክና የኢ2ኤፍ1 ጂኖች የተጨመሩባቸው አይጦች ዕጢ፣ ረጅም ዕድሜ ከኖሩት ሕሙማን ካንሰር ጋር ይመሳሰላል፤ የዲኢኤን ዕጢ ደግሞ ቶሎ ከሞቱት ጋር። ስለዚህ ዲኢኤን በመነሻው ከሰው ቢርቅም፣ በመጨረሻው የሚደርስበት የጂን አገላለጽ ከአንድ ክፍል ሕሙማን ጋር ይቀራረባል። እኔ ይህን ልዩነት በጣም አስፈላጊ አድርጌ የማየው ስለሆነ ሞዴሉን ፈጽሞ ከመጣልዎ በፊት እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

በዚያው ጥናት ከሰው እጅግ የራቁት ሲፕሮፋይብሬት በተባለው የፋይብሬት ዓይነት የመጡትና ኤሲኦኤክስ1 የተባለው ጂን የጠፋባቸው አይጦች ዕጢዎች ነበሩ። ሁለቱም የሚሠሩት ፒፓር-አልፋ በተባለው ተቀባይ ፕሮቲን በኩል ነው። ፋይብሬት የተባሉት የደም ስብ መድኃኒቶች በአይጦች ላይ የጉበት ካንሰር ያመጣሉ፤ ፒፓር-አልፋ የሌላቸው አይጦች ተመሳሳይ ውሁድ ሲሰጣቸው ከካንሰሩ እንደሚጠበቁ በ1997 ታይቷል። የአይጡ ተቀባይ ተወግዶ የሰው ተቀባይ የተተካባቸው አይጦችም እጅግ ይበልጥ ይቋቋማሉ። ፋይብሬት ለአሥርት ዓመታት ሲወስዱ በኖሩ ሰዎች ላይም ያ የአይጦቹ ካንሰር አልተደገመም። ጂኑ በሁለቱም ፍጥረት ውስጥ አለ፣ ስሙም አንድ ነው፤ የሚያስከትለው ግን የተለየ ነው።

ከአይጥ ወደ አይጠ መጎጥ ሲሻገሩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጂኤስቲፒ1 በአይጠ መጎጥ ጉበት ላይ ወደ ካንሰር የሚያመሩ ትንንሽ ቦታዎችን ለመለየት የሚያገለግል፣ እየጨመረ የሚሄድ ምልክት ነው፤ በሰው የጉበት ካንሰር ውስጥ ግን ይኸው ጂን ብዙ ጊዜ ሜታይሌሽን በተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ተዘግቶ ይገኛል።

ስለ መኖ የተነሣውን በአንድ የቆየ ታሪክ ላጠናክረው። በ1946 ኮፕላንድና ሳልመን በአላባማ ኮሊን ያነሰው መኖ በአይጠ መጎጦች ጉበት ላይ ዕጢ እንዳመጣ አስታወቁ። በመኖው ውስጥ የፕሮቲን ምንጭ ሆኖ የገባው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ተርኪ የተባሉ ወፎች ሲያልቁ ምክንያቱ በኦቾሎኒ መኖ ላይ የበቀለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን መሆኑ ታወቀ፤ የቀደመው የአይጠ መጎጥ ውጤትም ጥርጣሬ ውስጥ ወደቀ። አፍላቶክሲን በሌለበት ንጹሕ መኖ ኮሊን ማነስ በራሱ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠው በ1984 ነው። ይህ ለእኛም አገር ተመራማሪዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒም ሆነ ለላም የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን እንደሚገኝባቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። አይጠ መጎጥ ለአፍላቶክሲን እጅግ ተጋላጭ ስትሆን፣ አይጥ ግን መርዙን የሚያከሽፍ ጠንካራ ኢንዛይም ስላላት ትቋቋመዋለች። በአገር ውስጥ በተቀመመ መኖ አይጠ መጎጥ የሚያሳድግ ማንኛውም ቤተ ሙከራ መኖውን ሳያስመረምር ስለ ጉበት ካንሰር ጂኖች ባይጽፍ እመርጣለሁ።

ለሰው ስለመቅረብ ላነሡት ጥያቄ ሁለት ሥራዎችን ያንብቡ። በ2016 ጋስትሮኢንተሮሎጂ ላይ የወጣው ንጽጽር በበርካታ የአይጥ ሞዴሎችና በሕሙማን ጉበት መካከል የተገኘው የጂን መደራረብ በጣም ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። በ2024 በኔቸር ሜታቦሊዝም የታተመው የአውሮፓውያን ኅብረት ሥራ ደግሞ 39 የመኖ ሞዴሎችን ለሰው በሽታ ባላቸው ቅርበት ደርድሯል፤ የምዕራባውያን መኖ ዓይነቶች ከፍ ያለውን ቦታ ይዘዋል።

መልስ፦ የባዮኢንፎርማቲክስ ባለሙያ

የባዮሎጂው ማብራሪያ ሰፊ ስለሆነ እኔ ወደ አሠራሩ ልግባ። አማካሪዎ ያሉት ሐሳብ ውስጥ ትክክለኛ ፍሬ አለ፤ በተለያየ ቦታ የተደገመ ውጤት ከአንድ ቦታ ውጤት ይልቅ ይታመናል። ችግሩ ያለው የጋራ ዝርዝር በሚወጣበት ዘዴ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ስብስብ ውስጥ የእርግጠኝነት ወሰን አስቀምጠው ወሰኑን ያለፉትን ብቻ ካጋጠሙ፣ ናሙናው ያነሰው ጥናት የሌሎቹን ውጤት ይወስናል። በ2016 በእርሾ ላይ የተደረገ ሰፊ ሙከራ፣ በእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ናሙና ብቻ ሲኖር የተለመዱት የትንተና መሣሪያዎች በትክክል ከተለወጡት ጂኖች ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ እንደሚያገኙ አሳይቷል። ሦስት እንደዚህ ያሉ ስብስቦች ሲጋጠሙ ምን ያህል እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

ሦስቱን ጥሬ ዳታ አንድ ላይ ቀላቅለው በአንድ ጊዜ እንዳይተነትኑም እለምንዎታለሁ። እያንዳንዱ ስብስብ የተለያየ ቤተ ሙከራ፣ የተለያየ መኖና የተለያየ የአይጥ ዝርያ ስለሆነ፣ የቤተ ሙከራውን ልዩነት ለማጥፋት የሚደረገው እርማት የመኖውንም ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል። በየስብስቡ ውስጥ የታመመውን ከራሱ ማነጻጸሪያ ጋር አወዳድረው የእያንዳንዱን ጂን የለውጥ መጠንና የስሕተት ስፋት ያስሉ፤ ከዚያ በኋላ መጠኖቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኤስሲዲ1 በዚህ አሠራር አይጠፋም፤ በአንዱ ወደ ላይ በሌላው ወደ ታች መሄዱ ራሱ በሥዕልዎ ላይ ይታያል። ከነጠላ ጂኖች በተጨማሪ በጋራ የሚሠሩ የጂን ቡድኖችንም ያነጻጽሩ፤ ከአይጥ ወደ ሰው በሚሻገሩበት ጊዜ ቡድኖች ከነጠላ ጂኖች ይልቅ ይጸናሉ። አንዳንድ የጂን ቤተሰቦች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ሙፕ የሚባሉት የወንድ አይጥ ጉበት በብዛት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች በሰው ውስጥ አይሠሩም፤ የሐሞት አሲድን የሚለውጠው ሲዋይፒ2ሲ70ም በሰው ውስጥ ይህንኑ የሚሠራ አቻ የለውም።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አይጦቹ በስንት ኬጅ እንደኖሩ ነው። አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ስለሚበሉ በአንድ ኬጅ ያሉት የአንጀት ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል፤ ይህም በፖርታል ሥር በኩል ጉበትን ይነካል። የታመሙት ሁሉ በአንድ ኬጅ፣ ጤነኞቹ ሁሉ በሌላ ኬጅ ከነበሩ፣ በስታቲስቲክስ ዓይን ያለዎት ብዙ አይጥ ሳይሆን ሁለት ኬጅ ነው። ውጤትዎን በኋላ በፒሲአር የሚያረጋግጡ ከሆነም ጋፒዲኤችን እንደማይለወጥ ማመሳከሪያ አይጠቀሙ፤ የግሉኮስ መቃጠያ ጂን ስለሆነ በመኖም በዕጢም ይለወጣል።

ትንተናውን ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን ናሙና ጾታ ከዳታው ራሱ ያረጋግጡ። የዕድገት ሆርሞን በወንድና በሴት አይጥ በተለያየ ሥርዓት ስለሚመነጭ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የጉበት ጂኖች በጾታ ይለያያሉ፤ የዲኢኤን ዕጢም በወንዶች ላይ እጅግ ይበዛል። ኤክስአይኤስቲ የተባለው ጂን በሴቶች ብቻ፣ ዲዲኤክስ3ዋይ ደግሞ በወንዶች ብቻ በጉልህ ይገለጣል። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ ሲያስቀምጧቸው ናሙናዎቹ በሁለት ጥግ መለየት አለባቸው፤ ወንድ ተብሎ የተመዘገበ ናሙና በሴቶቹ ጥግ ከተገኘ ምልክቱ ተቀያይሯል ማለት ነው፤ ያንን ናሙና ከትንተናው ያውጡት፣ ያወጡበትንም ምክንያት በዘዴ ክፍልዎ ላይ ይጻፉት።